ማሶክ ከየት መጣ? የቤል 47 ሄሊኮፕተር ታሪክ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማሶክ ነው። ማሶክ በዕብራይስጥ ሄሊኮፕተር ማለት ነው። በቤርሼባ በሶሮካ ሆስፒታል፣ በሀይፋ በራምባም፣ በኢየሩሳሌም በሀዳሳ ዓይን ከረም አቅራቢያ የምትኖሩ ሁሉ ድምፁን ታውቁታላችሁ። ከሩቅ ይመጣል፣ መስኮቱን ያንቀጠቅጣል፣ ከሆስፒታሉ በላይ ያንዣብባል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያርፋል።

በሥራዬ ምክንያት አዲስ ከመጡ ቤተሰቦች ጋር እውላለሁ። ስለዚህ ድምፅ ሁለት ዓይነት ነገር እሰማለሁ። ትልልቆቹ ድምፁን ሲሰሙ ሥራቸውን አቁመው ልጆቻቸው የት እንዳሉ ያያሉ። ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልግም። በሰሜን ኢትዮጵያ በጦርነት ዘመን ያደገ ሰው ሄሊኮፕተር ሲመጣ ወደ ዋሻና ወደ ጫካ መሮጥን ተምሯል። ልጆቹ ግን ወደ ሰገነት ይሮጣሉ፤ ሊያዩት ይፈልጋሉ። «አባዬ፣ ክንፍ ሳይኖረው እንዴት ይበራል? ማን ሠራው?» ብለው ይጠይቃሉ። አባትም ብዙ ጊዜ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አስተማሪህን ጠይቅ» ይላል።

አባት ለልጁ የሚመልሰው ነገር እንዲኖረው ብዬ ዛሬ የአንድ ሄሊኮፕተር ታሪክ አመጣሁላችሁ። ስሙ ቤል 47 ይባላል። ለሲቪል ሥራ እንዲበር ፈቃድ ያገኘ በዓለም የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ነው። በጦርነትም በሰላምም አገልግሏል። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእሱ በፊት የነበሩት

ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚነሣ መኪና ለመሥራት ብዙ ዘመን ደክሟል። አይሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ተራራ ላይ፣ ገደል ውስጥ፣ በጎርፍ በተከበበ መንደር አይሮፕላን ማረፍ አይችልም። ሄሊኮፕተር የተፈለገው ለዚህ ነው። ችግሩ ግን ከባድ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠሩት አብዛኞቹ ከመሬት ጥቂት ተነሥተው ይንገዳገዱና ይወድቁ ነበር።

ለዚህ ሥራ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ኢጎር ሲኮርስኪ ነው። የእሱን ነገር በተለይ ለእናንተ መንገር እፈልጋለሁ፤ እሱም ስደተኛ ነበርና። በ1889 በኪየቭ ተወለደ። በወጣትነቱ ሁለት ሄሊኮፕተር ሠርቶ አልተሳካለትም። በኋላ ትልልቅ አይሮፕላኖች በመሥራት በሩሲያ ስም አገኘ። አብዮቱ ሲመጣ አገሩን ጥሎ በ1919 ኒው ዮርክ ገባ። በዚያ ስሙን የሚያውቅ፣ ሥራ የሚሰጠው አላገኘም። ስለዚህ ለሩሲያ ስደተኞች ሒሳብ እያስተማረ ኖረ። በ1923 የአገሩ ልጆች ገንዘብ አዋጥተውለት በአንድ የዶሮ እርባታ ግቢ ውስጥ አይሮፕላን መሥራት ጀመረ። በሴፕቴምበር 1939፣ አሜሪካ ከገባ ከ20 ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያውን የተሳካ ሄሊኮፕተሩን በገመድ ታስሮ ከመሬት አነሣው። ከዚያ የተወለደው አር-4 የተባለው ሄሊኮፕተር በአፕሪል 1944 በበርማ ጫካ ከጠላት መስመር በስተኋላ የወደቁ ሰዎችን አወጣ። በጦር ሜዳ ቁስለኛን በሄሊኮፕተር ማንሣት በዚህ ጀመረ።

አር-4 ግን የጦር ሠራዊት ዕቃ ነበር። ገበሬው፣ ሐኪሙ፣ መንገድ ሠሪው የሚጠቀምበት ሄሊኮፕተር ገና አልነበረም።

አሥራ ሁለት ዓመት በጎተራ ውስጥ

አርተር ያንግ በ1905 ተወለደ። አባቱ ሠዓሊ ነበር። አርተር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምሮ በ1927 ተመረቀ። ከምረቃው በኋላ በሕይወቴ አንድ የሚጠቅም ከባድ ችግር ልፈታ ብሎ አሰበና ሄሊኮፕተርን መረጠ።

ሥራውን የጀመረው በትንሹ ነው። ሰው የሚሸከም ማሽን ለመሥራት አልቸኮለም፤ በእጅ የሚያዙ ትንንሽ ሞዴሎች ይሠራ ነበር። ሞዴል ሲሰበር ኪሳራው ትንሽ ነው፣ የሚሞትም ሰው የለም። በፔንሲልቬንያ በፓዮሊ መንደር አንድ አሮጌ ጎተራ ገዝቶ የሥራ ቦታ አደረገው። ይሠራል፣ ያስነሣል፣ ይወድቃል፣ ለምን እንደ ወደቀ ይጽፋል፣ እንደ ገና ይሠራል። ብዙ ዓመት የደከመበትን የመጀመሪያ ሐሳቡን ሳይቀር ጥሎ ከሥር ጀመረ። እንዲህ እያለ ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ሠራ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ያሳፈረ ማሽን አልነበረውም።

ሊፈታው የፈለገው ችግር ምን ነበር? ልጆቻችሁ የሚጠይቁት እሱን ስለሆነ በቀላሉ ላስረዳ።

ሄሊኮፕተር ክንፍ አለው፤ ክንፉ ግን ይሽከረከራል። ከላይ የምታዩት የሚዞረው ነገር ክንፉ ነው። አይሮፕላን ክንፉ ንፋስ እንዲያገኝ በሜዳ ላይ ይሮጣል። ሄሊኮፕተር ግን ቆሞ ክንፉን ራሱን ያሮጠዋል። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ ማሽኑ ወደ ላይ ይነሣል።

ነገር ግን ሞተሩ ክንፉን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር፣ የማሽኑ አካል ወደ ሌላው አቅጣጫ መዞር ይፈልጋል። በጭቃ ላይ ቆሞ ከባድ ነገር ያዞረ ሰው እግሩ በተቃራኒው ሲንሸራተት አይቶ ይሆናል። ለዚህ መላው በጅራቱ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ተሽከርካሪ ናት። እሷ አካሉን ወደ ጎን እየገፋች እንዳይዞር ትይዘዋለች። ልጃችሁ «ትንሿ ለምንድን ናት?» ካላችሁ፣ «ትልቁ እንዳያዞረን የምትይዘን እሷ ናት» በሉት።

የመጨረሻው ችግር መንገዳገድ ነው። ሄሊኮፕተር ትንሽ ካዘነበለ የበለጠ ያዘነብላል፤ በመጨረሻ ይገለበጣል። ያንግ ለዚህ ያገኘው መላ ቀላል ነበር። ከተሽከርካሪው ክንፍ በታች፣ በሁለቱ ጫፎቹ ክብደት ያለው ዘንግ አደረገ። ዘንጉ ከክንፉ ጋር አብሮ ይዞራል። ጥጥ የፈተላችሁ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ እንዝርት እየሾረ ሳለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መሾሩን ሲተው ይወድቃል። የሚሾር ክብደት አቋሙን በቀላሉ አይለቅም። የያንግም ዘንግ እንዲሁ ነው። ማሽኑ ሲያዘነብል ዘንጉ ቀድሞ የነበረበትን አቋም ይዞ ይቆይና ክንፉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ይህ ከተገኘ በኋላ ሞዴሉ በአየር ላይ ጸጥ ብሎ ቆመ።

ከሞዴል ወደ ማሽን

በ1941 ያንግ ሞዴሉን ይዞ በቡፋሎ ከተማ ወደሚገኘው የቤል አይሮፕላን ፋብሪካ ሄደ። የፋብሪካው መሥራች ላሪ ቤል በዚያን ጊዜ የጦር አይሮፕላን ለማምረት ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር። ያንግ ሞዴሉን በፋብሪካው ውስጥ አበረረው። ሰዎቹም አይተው ተስማሙ። በዚያው ዓመት ውል ተፈረመና ሁለት ሰው የሚያበራቸው ሄሊኮፕተሮች እንዲሠሩ ተወሰነ።

ያንግና ጓደኞቹ ከትልቁ ፋብሪካ ወጥተው በጋርደንቪል፣ ቀድሞ መኪና ይሸጥበት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ከእሱ ጋር የልጅነት ጓደኛው ባርትራም ኬሊ ነበር። በዲሴምበር 1942 መጨረሻ የመጀመሪያው ማሽን በገመድ ታስሮ ከመሬት ተነሣ። ሞዴል 30 ብለው ጠሩት። በሙከራ ላይ ተሰብሮ ተጠገነ። በ1943 ፍሎይድ ካርልሰን የተባለው አብራሪ ያለ ገመድ አበረረው።

ይህ ማሽን ገና በሙከራ ላይ እያለ ነፍስ ማዳን ጀመረ። በጃንዋሪ 1945 የፋብሪካው የሙከራ አብራሪ ጃክ ዉላምስ ከአይሮፕላኑ በጃንጥላ ዘልሎ ተጎድቶ በበረዶ በተሸፈነ ገጠር ወደቀ። መኪና በቶሎ ሊደርስለት አልቻለም። ካርልሰን አንድ ሐኪም በሄሊኮፕተሩ አሳፍሮ አደረሰለት። በማርች 1945 ደግሞ ሁለት ዓሣ አጥማጆች በኤሪ ሐይቅ ላይ በረዶው ተሰንጥቆ መመለሻ አጡ። ካርልሰን አንዱን አውጥቶ ተመለሰና ሁለተኛውን አወጣ። ለሽያጭ ገና ያልቀረበ ማሽን ነበር።

በዲሴምበር 8 ቀን 1945 ቤል 47 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። በማርች 8 ቀን 1946 ደግሞ ከአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ተሰጠው። ቁጥሩ ኤች-1 ነው። አንድ ቁጥር የተሰጠው ከእሱ በፊት እንዲህ ያለ ፈቃድ ያገኘ ሄሊኮፕተር ስላልነበረ ነው።

በሰላም ሥራ

ቤል 47 ትንሽ ማሽን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰው፣ የኋለኞቹ ሦስት ሰው ይይዛሉ። በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ከፊት ለፊቱ እንደ ሳሙና አረፋ የከበበ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ስላለ አብራሪው ከእግሩ በታች ያለውን ሁሉ ያያል። ጅራቱ ሽፋን የሌለው፣ እንደ መሰላል የተበየደ ብረት ነው። መካኒኩ እያንዳንዱን ብሎን በዓይኑ ሊያይና በእጁ ሊነካ ይችላል። ውበቱ ከጠቃሚነቱ የመጣ ስለሆነ፣ በኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1984 አንዱን ወስዶ በጣሪያው ሥር ሰቅሎታል።

ገበሬዎች በማሳቸው ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት አስረጩበት። የካርታ ሠሪዎች ተራራ ወጡበት። በካናዳ ካርል አጋር የተባለ አብራሪ በ1947 አንድ ቤል 47 ገዝቶ በመጀመሪያ በፍራፍሬ እርሻ ላይ ሠራ። ቀጥሎ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች ላይ ማረፍን በጥንቃቄ ተማረ። የተራራ ንፋስ ክፉ ነው፤ ከገደሉ ጫፍ ወደ ታች ይጎትታል። አጋር ንፋሱ በየት በኩል እንደሚወጣና እንደሚወርድ እያጠና ያወቀውን ለሌሎች አስተማረ። ካርታ ሠሪዎች ብዙ ቀን በእግር ይወጡት የነበረውን ተራራ በደቂቃዎች ደረሱበት።

በጁላይ 1957 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከዋይት ሀውስ ግቢ በዚህ ሄሊኮፕተር ተነሡ። በሥልጣን ላይ እያለ በሄሊኮፕተር የበረረ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እሱ ነው።

በኮሪያ ተራሮች

ቤል 47ን ዓለም ያወቀው ግን በኮሪያ ጦርነት ነው። ጦርነቱ በጁን 1950 ተጀመረ። የአሜሪካ ጦር ቤል 47ን ኤች-13 ብሎ ይጠራው ነበር። ኮሪያ ተራራማ ናት፤ መንገዷም ያኔ መጥፎ ነበር። ቁስለኛ በቃሬዛ ከተራራ ወርዶ፣ በመኪና እየተንገጫገጨ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ብዙዎች በመንገድ ላይ ደማቸው ፈስሶ ይሞቱ ነበር።

በ1951 መጀመሪያ ላይ የኤች-13 ቡድኖች ቁስለኛ ማመላለስ ጀመሩ። በግራና በቀኝ በኩል፣ ከማረፊያ እግሮቹ በላይ፣ ሁለት ቃሬዛ ታሰረ። ቁስለኛው ከውጭ ተኝቶ ይጓዛል። ብርዱ ኃይለኛ ስለነበር ሽፋን ተሠራለት። አስታማሚ የሚቀመጥበት ቦታ ግን አልነበረም። አብራሪው ብቻውን ነበር፤ ቁስለኛውም ብቻውን። በሌሊት ለመብረር የሚያስችል በቂ መሣሪያ ስላልነበረው የሌሊት ጉዞ በጣም አስጊ ነበር። ቢሆንም ቁስለኛው በደቂቃዎች ውስጥ ከጦር ሜዳው አቅራቢያ በድንኳን ወደተተከለ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ይደርስ ነበር።

ኤች-13 በዚያ ጦርነት ወደ 18,000 የሚጠጉ ቁስለኞችን እንዳነሣ ይነገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል ከደረሱት የአሜሪካ ቁስለኞች ከመቶ ከአራት በላይ ይሞቱ ነበር፤ በኮሪያ ቁጥሩ ወደ ሁለት ተኩል ወረደ። ይህን ያመጣው ሄሊኮፕተሩ ብቻ አይደለም። የተለገሰ ደም፣ ፔኒሲሊን፣ ለጦር ሜዳው የቀረበው ሆስፒታልም ድርሻ አላቸው። ሄሊኮፕተሩ ቁስለኛውን ወደ እነዚህ ሁሉ በጊዜ አደረሰው።

በዚያ ጦርነት የኢትዮጵያ ልጆችም ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የላኩት የቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ በየተራ እየተተካ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተዋጋ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከም። ከእናንተ መካከል የቃኘውን ነገር ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ የሰማ ይኖራል። እነዚያ ወታደሮች በተዋጉበት ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው፣ ቁስለኛ ለማንሣት የሚወርደው ትንሽ ሄሊኮፕተር ይህ ነበር።

ከቤል 47 በኋላ

በኮሪያ የታየው ጉድለት ትምህርት ሆነ። ቁስለኛ ከውጭ ታስሮ መሄድ የለበትም፤ ከጎኑ አስታማሚ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የቤል ኩባንያ ትልቅ ሄሊኮፕተር አዘጋጅቶ በኦክቶበር 1956 አበረረ። በኋላ ዩኤች-1 የተባለው ይህ ነው። ሲታሰብ የመጀመሪያ ዓላማው ቁስለኛ ማንሣት ነበር። በቪየትናም ጦርነት ግን ወታደር አጓጉዞበታል፣ መትረየስም ተጠምዶበታል።

በእስራኤል የመጀመሪያዎቹ ሄሊኮፕተሮች በ1951 የመጡት ሂለር 360 የተባሉ ትንንሽ ማሽኖች ናቸው። እነሱም እንደ ቤል 47 ያሉ ናቸው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አየር ኃይሉ ቤል 205 አስገባ፤ ይህ የዩኤች-1 ወንድም ነው። ከዮም ኪፑር ጦርነት በኋላ በ1974 ዩኒት 669 የተባለው የአዳኞች ቡድን ተቋቋመ። ይህ ቡድን ለወታደሮች የተቋቋመ ቢሆንም በገደል የወደቀን ተጓዥ፣ በጎርፍ የተከበበን ቤተሰብም ያወጣል። በሄሊኮፕተሩ ውስጥ ሐኪም ወይም የሰለጠነ ረዳት አብሮ አለ።

ቤል 47 በአሜሪካ እስከ 1974 ድረስ ተመረተ። በጣሊያን፣ በጃፓንና በእንግሊዝም በፈቃድ ተሠርቷል። ጠቅላላው ከ5,600 በላይ ነው። እስከ ዛሬ የሚበሩ አሉ። አርተር ያንግ በ1947 ፋብሪካውን ትቶ ወደ ፍልስፍና ዞረና በ1995 አረፈ።

ስለ ድምፁ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በ1980ዎቹ በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት የደርግ መንግሥት የሶቪየት ሥሪት በሆኑ ሄሊኮፕተሮች መንደር ደብድቧል። ያንን ያየ ሰው ድምፁን ሲሰማ ቢደነግጥ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሞኝነትም፣ ኋላቀርነትም አይደለም። ጆሮው የተማረውን ያስታውሳል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን፣ በ1985፣ በረኀቡ ጊዜ፣ ከፖላንድ የመጡ ሄሊኮፕተሮች በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ እያረፉ ትልልቆቹ አይሮፕላኖች እህል የሚጥሉበትን ቦታ ያዘጋጁ ነበር። እነሱም የሶቪየት ሥሪት ነበሩ። አንዱ እሳት ይዞ መጣ፣ አንዱ እህል። ማሽኑ የሚሠራው የላከውን ሰው ሥራ ነው።

ስለዚህ ድምፁ ሲመጣ ልብ የሚመታበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ልጆች እንዳይስቁበት ንገሯቸው። ለምን እንደሚደነግጥም ንገሯቸው። እኛ ብዙ ጊዜ ልጆቻችን እንዳይከፋቸው ብለን ዝም እንላለን። ልጁ ግን አባቱ ሲደነግጥ ያያል፤ ምክንያቱን ካልነገሩት የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፣ አባቴ ፈሪ ነው ይላል። እውነቱን ቢያውቅ ግን አባቱ ምን አልፎ እንዳመጣው ይረዳል። ድንጋጤው እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ በኩፓት ሆሊም ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ። እርዳታ አለው።

ቀጥሎም ስለ እንዝርቱ ንገሩት። «አያትህ በእጇ የምታሾረው እንዝርትና በሄሊኮፕተሩ ላይ ያለው ዘንግ የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነው» በሉት። ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸማ የሠራ፣ እንዝርት ያሾረ ቤተሰብ ስለ ማሽን ምንም አያውቅም ማለት አይቻልም። የምናውቀውን ነገር በአዲሱ ቋንቋ መሰየም ነው የቀረን። ልጃችሁ አንድ ቀን በአየር ኃይል የማሶክ መካኒክ መሆን እፈልጋለሁ ቢላችሁ፣ ሒሳቡን እንዲያጠና አበርቱት። መጀመሪያ ያስነሣው ሞዴል ቢወድቅበት ደግሞ አርተር ያንግ አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ሠራ ንገሩት።

ለዛሬ ያዘጋጀሁላችሁ ይህ ነው።